ሪፖርት ማጠናቀር ሦስት ቀን የሚፈጀው ጣትሽ ስለዘገየ አይደለም

ጥያቄ፦ «በአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ሪፖርት አጠናቃሪ ነኝ። በየወሩ ከ14 መሠረታዊ ማኅበራት ሪፖርት እሰበስባለሁ። ግማሾቹ የኤክሴል ፋይል በቴሌግራም ይልካሉ፣ አንዳንዶቹ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ደውለው ቁጥሩን ያነቡልኛል። ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል ስገለብጥ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል፣ ድምሩም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አንዱ ባልደረባዬ የኪቦርድ ሾርትከት ተማሪ ይለኛል። ሌላው ቻትጂፒቲ ውስጥ ከተሽው፣ በደቂቃ ይጨርስልሻል ይላል። ኔትወርካችን ይቆራረጣል። በጎግል መሣሪያዎች ጊዜ የማተርፍበት መንገድ ካለ ንገረኝ።»

መልስ፦ ሁለቱም ባልደረቦችሽ የነገሩሽ ነገር ችግሩን አይነካውም። ሾርትከት መማር ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት እነግርሻለሁ። ግን ሦስቱን ቀን የሚበላብሽ መተየቡ አይደለም። አንዱ ቁጥር አንቺ ጋ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። መጀመሪያ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፣ ቀጥሎ የራሱ ኤክሴል ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ አንቺ ማጠቃለያሽ ላይ ትገለብጪዋለሽ። በእያንዳንዱ ግልበጣ ላይ ስህተት ይገባል፣ ስህተቱን ፍለጋ ደግሞ ከመተየቡ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዓላማሽ በፍጥነት መገልበጥ ሳይሆን የመጨረሻውን ግልበጣ ጭራሽ ማስቀረት ነው። አንቺ እጅ ቁጥር ሲደርስ በትክክለኛው ቦታ የተቀመጠ መሆን አለበት።

መፍትሔው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ድምሩ ለምን እንደማይገጥም ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካላወቅሽ የትኛውንም መሣሪያ ብትጠቀሚ ያው ችግር ተከትሎሽ ይመጣል። አንዱ ሰው ሴሉ ውስጥ 45,000 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «45,000 ብር» ይላል። ለዓይን አንድ ናቸው። ለኤክሴልም፣ በኢንተርኔት ለሚሠራው የጎግል ሠንጠረዥ ለጎግል ሺትም ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። የድምር ፎርሙላው ጽሑፉን ሲያገኘው ስህተት አለ ብሎ አይጮኽም፣ ዝም ብሎ ዘሎት ያልፋል። ድምሩ በ45 ሺህ ይጎድላል፣ አንቺ ግን የት እንደጎደለ አታውቂም። መለየት ቀላል ነው። አሰላለፉን ማንም ካልነካካው ቁጥር ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። የገንዘብ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በዓይንሽ ውረጂበትና ወደ ግራ የወጣውን ፈልጊ። ሺህን በኮማ ፈንታ በነጥብ የሚለይ ሰውም አይጠፋም። «45.000» ብሎ ከጻፈ በብዙዎቹ ፋይሎች አቀማመጥ 45 ብር ሆኖ ይቆጠራል። ይህኛው ደግሞ ወደ ቀኝ ስለሚጠጋ በዓይንም አይያዝም።

ሁለተኛው ምክንያት የፊደላችን ጉዳይ ነው። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር ስትያቸው አንድ ወር ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የማኅበሩ ስም ላይ ሀ፣ ሠ፣ ዐ ወይም ጸ ካለ የሒሳብ ሠራተኛው ሲቀየር አጻጻፉም አብሮ ይቀየራል። በስም የሚፈልግ ፎርሙላ የተጻፈውን እንጂ የተባለውን አያይም። ከስሙ ኋላ አንድ ባዶ ቦታ ተጨምሮ ከሆነም እንደ ሌላ ስም ይወስደዋል። መፍትሔው ሁሉም ሰው በአንድ አጻጻፍ እንዲጽፍ መለመን አይደለም፣ ልመናው አይሠራም። ሰው ስም ጭራሽ እንዳይጽፍ፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያየው የቀን ጉዳይ ነው። ጎግል ሺት ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የራሱ ፎርሙላ የለውም። መስከረም 15 ቀን 2017ን 15/01/2017 ብለሽ ስትጽፊ፣ ቀን ቀድሞ በሚጻፍበት አቀማመጥ ላይ ካለሽ፣ እሱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 2017 ብሎ ይይዘዋል። ያ በኛ ጥር 7 ቀን 2009 ነው። ለዓይን ትክክል ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ሌላ ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/02/2017 ብለሽ ከጻፍሽ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜንም እንደዚያው፣ 13ኛ ወር አያውቅም። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንብሻል። ይህ ለእናንተ ቀልድ አይደለም። የብድር መዘግየት በቀን የምታሰሉ ከሆነ ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ሺቱ ግን ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቆጥሮ ሁለት ቀን ይላል። የአባል ወለድ ወይም ቅጣት ላይ የሚያርፍ ስህተት ነው። ስለዚህ ቀን የሚሰላበት ዓምድ ካለሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን፣ የኛን ቀን ከጎኑ እንደ ጽሑፍ አስቀምጪው። ለወርሃዊ ሪፖርት ግን ቀን ራሱ አያስፈልግሽም፣ የወሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል።

አሁን ወደ መንገዶቹ። ሦስት አሉ።

የመጀመሪያው አንድ ጎግል ሺት ከፍቶ ሊንኩን ለ14ቱም ማኅበራት ሰጥቶ ሁሉም እዚያው እንዲሞላ ማድረግ ነው። ብዙ ቢሮ የሚጀምረው በዚህ ነው፣ ብዙ ቢሮ የሚማረረውም በዚሁ ነው። አንዱ የራሱን ረድፍ ለማግኘት ሲል ሙሉውን ዝርዝር በፊደል ተራ ያሰልፈዋል፣ ሌላው በስልክ ሲነካካ የጎረቤቱን ቁጥር ይሰርዛል። የማይነኩ ቦታዎችን መቆለፍ ይቻላል። የተበላሸውንም በፋይል ማውጫ ውስጥ ካለው ቨርዥን ሂስትሪ ማን መቼ ምን እንደቀየረ አይቶ መመለስ ይቻላል። ግን በየወሩ ፖሊስ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ማኅበር የየራሱን ፋይል ሰጥቶ ኢምፖርትሬንጅ በሚባለው ፎርሙላ ወደ ማጠቃለያው መሳብ ነው። ፎርሙላው መጀመሪያ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ጊዜ ፈቃድ ይጠይቅሻል፣ ከዚያ በራሱ ይመጣል። እያንዳንዱ ማኅበር ብዙ ዝርዝር፣ ለምሳሌ በመቶ የሚቆጠር የብድር ረድፍ፣ የሚልክ ቢሆን ይህን እመክርሽ ነበር። ችግሩ፣ አንድ ማኅበር ፋይሉ ላይ አንድ ዓምድ ከጨመረ ማጠቃለያሽ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይገፋና የቁጠባው ቁጥር የብድሩ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ያለ ኢንተርኔትም አይሠራም።

ሦስተኛው ጎግል ፎርም፣ ማለትም በሊንክ ተከፍቶ የሚሞላ መጠይቅ ነው። ለአንቺ የምመክረው እሱን ነው፣ ሌሎቹን አትሞክሪ። ከየማኅበሩ በወር የምትፈልጊው ቢበዛ ሃያ ሃያ አምስት ቁጥር ነው፦ አባላት በጾታ፣ አዲስ የገቡ፣ የለቀቁ፣ ቁጠባ፣ የተሰጠ ብድር፣ የተመለሰ ብድር፣ ያልተመለሰ። ይህን አንድ ሰው ስልኩ ላይ በጥቂት ደቂቃ ይሞላዋል። ሞልቶ ሲልክ መልሱ አንቺ ሺት ላይ እንደ አንድ ረድፍ ይወርዳል። የሌላውን ማየትም ማበላሸትም አይችልም።

ፎርሙን ስትሠሪ እነዚህን አትዝለያቸው። የማኅበሩ ስም፣ ወሩና ዓመቱ ከዝርዝር የሚመረጡ ይሁኑ። የወሮቹን ስም በቁጥር አስጀምሪያቸው፣ «01 ሐምሌ»፣ «02 ነሐሴ» እያልሽ፤ በጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ማለቴ ነው። ያለዚያ ሺቱ በፊደል ተራ ያሰልፋቸውና ሐምሌ፣ ኅዳር፣ መስከረም ተደበላልቀው ታገኛቸዋለሽ። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር የምትደምሩ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ያንኑ ጻፊው፣ ማንም እንዳይጠይቅሽ። የገንዘብና የአባላት ጥያቄዎች ላይ ከጥያቄው ሥር ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ «ሪስፖንስ ቫሊዴሽን» የሚለውን ክፈቺ፣ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጊ፣ ከዜሮ የማያንስ። ከዚያ በኋላ «45,000 ብር» ብሎ የጻፈን ሰው ፎርሙ አያሳልፈውም። «45.000» ላይ ግን አትተማመኚበት፣ እሱንም ቁጥር ብሎ ያሳልፈዋል። ከጥያቄው ሥር «ኮማም ነጥብም ሳታስገቡ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪበት።

ሁለት ማጣሪያ ጥያቄ ጨምሪ። አንደኛው የወሩ መጀመሪያ ላይ የነበረው የቁጠባ ቀሪ ነው። አንቺ ያለፈውን ወር መጨረሻ ታውቂዋለሽ፣ ቢሆንም ጠይቂያቸው። ሁለቱ ካልገጠሙ ወይ በመሀል መዝገብ ተነካክቷል ወይ ቁጥር ተሳስቷል ማለት ነው፣ ወዲያው ትይዢዋለሽ። ሁለተኛው የወንድና የሴት አባላትን ከጠየቅሽ በኋላ ጠቅላላውንም እነሱ እንዲጽፉ ማድረግ ነው። ሺትሽ ላይ ሁለቱን አወዳድሪ። ይህ የተሳሳተ አኃዝ የተየበውን ሰው ያወጣልሻል። ከእነዚህ ውጭ አንቺ ልታሰይው የምትችይውን ምንም አትጠይቂ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያውቀው ጊዜ ቆጣቢ። በፎርሙ ማውጫ ውስጥ አስቀድሞ የተሞላ ሊንክ የሚያወጣ አማራጭ አለ፣ «ፕሪፊል» የሚል ቃል ታገኚበታለሽ። የማኅበሩን ስም ብቻ ሞልተሽ ሊንኩን ትወስጃለሽ፣ ለ14ቱም 14 ሊንክ ይወጣል። እያንዳንዱን ለየባለቤቱ በቴሌግራም ላኪና ፒን ያድርጉት። በየወሩ ያንኑ ይከፍታል፣ ስሙ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ሰው ሲሳሳት እንዳትጨነቂም፣ ሴቲንግ ውስጥ የላኩትን መልሶ ማረም ፍቀጂላቸው። ሲያርሙ አዲስ ረድፍ አይጨመርም፣ የበፊቱ ረድፍ ይስተካከላል።

ስለ ኔትወርኩ እውነቱን ልንገርሽ። ጎግል ፎርም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፣ አይላክምም። ይህ ገደቡ ነው። የሚሞላው ሰው በጎግል አካውንቱ የገባ ከሆነ የጀመረውን ረቂቅ እስከ 30 ቀን ይይዝለታል፣ ያም ቢሆን ሲሞላ መስመሩ መኖር አለበት። ስለዚህ የፎርሙን ጥያቄዎች በዚያው ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ወረቀት አትሚላቸው። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ አዘጋጅቶ ኔትወርክ ሲመጣ በአንዴ ይሞላዋል። ወረቀቱ ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ሰነዱን ነው፣ ፎርሙ ሰነድን አይተካም። ደውለው ለሚያነቡልሽ ሁለቱ ደግሞ እያነበቡልሽ አንቺ ራስሽ በእነሱ ሊንክ ፎርሙን ሙዪላቸው። ፎቶ የሚልክም ካለ እንደዚሁ። ሺቱ ላይ በቀጥታ አትጻፊ። ሁሉም ቁጥር በአንድ በር ብቻ ይግባ።

ያንቺን ሥራ በተመለከተ ግን ኔትወርክ ባይኖርም መሥራት ትችያለሽ። ክሮም ወይም ኤጅ ላይ የጎግል ዶክስ ኦፍላይን ማስፋፊያውን ጫኚና ጎግል ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ ኦፍላይኑን አብሪው። ይህን የምታደርጊው መስመሩ ካለ ነው፣ ከጠፋ በኋላ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ግን አታብሪው፣ የፋይሉ ቅጂ እዚያው ይቀራል።

መልሶቹ የሚወርዱበትን ገጽ አትንኪው። እዚያ ላይ ቁጥር ብታርሚ የፎርሙ መልስ አይታረምም፣ ሁለቱ ይለያዩብሻል። ዓምድ ቀላቅሎ ማሳመር፣ በመሀል የድምር ረድፍ ማስገባት፣ ቀለም መቀባት ሁሉ ይቅር። ከጎኑ ሌላ ገጽ ክፈቺና ፒቮት ቴብል፣ ማለትም ረድፎቹን በራሱ መድቦ የሚደምር ሠንጠረዥ፣ አስገቢ። በረድፍ የማኅበሩን ስም፣ በዓምድ ወሩን፣ በዋጋው («ቫልዩስ») ቦታ ቁጠባውን ስታደርጊ የ14ቱ ማኅበራት የዓመቱ ሠንጠረዥ ወዲያው ይቆማል። የሚደመረው መረጃ ከየት እስከ የት እንደሆነ ስትመርጪ እስከ ዛሬው ረድፍ ሳይሆን ሙሉ ዓምዶቹን ያዢ፣ አዲስ መልስ ሲወርድ በራሱ እንዲገባ። ኤክሴል ላይ ፒቮትን ብዙ ጊዜ በእጅ ማደስ ያስፈልጋል፣ ጎግል ሺት ላይ ራሱ ይታደሳል።

ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ «ያልላከ» በይው። የ14ቱ ስም ወደ ታች፣ ወሮቹ ወደ ጎን፣ በመሀል ካውንትኢፍስ የሚባለው ፎርሙላ። ያንን ማኅበርና ያንን ወር የያዘ ስንት ረድፍ አለ ብሎ ይቆጥራል። ዜሮ ከሆነ ቀይ ይሁን፣ ሁለት ከሆነ ቢጫ፤ ሁለት ማለት አንድ ሰው ደግሞ ልኳል ማለት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ዕረፍት የምታገኚበት ይህ ገጽ ነው። ማን ላከ ማን ቀረ እያልሽ ቴሌግራም ስታገላብጪ የምትውይው ነገር ይቀራል። መልሶቹ ላይ የሚወርደው ሰዓት ትክክል እንዲሆን የፋይሉን የሰዓት ቀጠና ጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ አድርጊው። 8:40 ጠዋት ብሎ ካየሽው በኛ 2:40 ነው።

ለሥራ አስኪያጁ የሚሄደውን የጽሑፍ ሪፖርት ጎግል ዶክስ ላይ አንዴ አዘጋጂው። ሠንጠረዡን ከሺቱ ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊ ከሺቱ ጋር ይያያዝ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው። በሚቀጥለው ወር ሠንጠረዡ ላይ የሚመጣውን «አፕዴት» መንካት ብቻ ነው። ትረካውን መተየብ የሚሰለችሽ ከሆነ ዶክስ በክሮም ላይ አማርኛ እየሰማ ይጽፋል፣ «ቱልስ» ውስጥ «ቮይስ ታይፒንግ» የሚለው። ቋንቋውን አማርኛ ላይ አድርጊው። አራት ነጥብ ግን አያደርግልሽም፣ በእጅሽ ትጨምሪያለሽ። የሰው ስም ላይም እርማት ይፈልጋል።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የአባላትን ስም፣ ስልክና የብድር ቀሪ የያዘ ፋይል እዚያ ውስጥ አትጫኚ። የሰው ገንዘብ ምስጢር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የመልካም ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሕግ ነው። በዚያ ላይ ድምር ሲሠራ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥሽ ይችላል፣ አንቺም መልሰሽ ማጣራትሽ አይቀርም። የሚጠቅምሽ ፎርሙላ ሲያስጽፉት ነው። «በመጀመሪያው ዓምድ የማኅበር ስም አለ፣ በሁለተኛው ወር፣ በአምስተኛው ቁጠባ፤ የአንዱን ማኅበር የአንድ ወር ድምር የሚያወጣ ፎርሙላ ስጠኝ» ብለሽ ጠይቂ። መረጃሽ ቤትሽ ይቀራል፣ ፎርሙላው ይመጣልሻል። በእጅሽ የደመርሽው አንድ ወር ላይ ሞክሪው።

ፋይሉ በማን ስም ይሁን የሚለውን አታቃልዪው። በግል ኢሜይልሽ ከከፈትሽውና ነገ ሥራ ብትቀይሪ ዩኒየኑ መረጃውን ያጣል። ለዩኒየኑ አንድ አካውንት ክፈቱ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩበት፣ የይለፍ ቃሉ ከአንቺ ሌላ አንድ ኃላፊ ጋ ይኑር። ነፃው አካውንት 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ኢሜይሉና ፎቶው የሚካፈሉት ነው፤ ለቁጥር ሪፖርት ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልገባበትን አካውንት ጎግል ሊሰርዘው እንደሚችልም እወቂ። ሺቱን ሼር ስታደርጊ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን አትምረጪ፣ የሰዎቹን ኢሜይል በስም አስገቢ። ያ ሊንክ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከወጣ ማን ጋ እንደደረሰ አታውቂም።

ሾርትከቶቹን ቃል ገብቼልሻለሁ። ኮንትሮልና ሺፍት ይዘሽ ቪ ስትጫኚ ከሌላ ቦታ ያመጣሽው ጽሑፍ ያለ ቀለሙና ያለ ቅርጹ ይለጠፋል። ኮንትሮልና የተጋደመችው መስመር (/) የሾርትከቶቹን ሙሉ ዝርዝር ያወጡልሻል። የፎርሙ ወይም የሺቱ ሊንክ መጨረሻ ላይ ኤዲት ከሚለው ጀምሮ ያለውን አጥፍተሽ ኮፒ ብለሽ በእንግሊዝኛ ብትጽፊና ብትልኪው ደግሞ፣ ተቀባዩ ፋይሉ ሼር ከተደረገለት ያንቺን ሳይነካ የራሱን ቅጂ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሌላ ዩኒየን ፎርምሽን ቢለምንሽ በዚህ ስጪው።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። ቀድመሽ ስልክ የማያስቸግራቸው ሦስት ማኅበራት ጋር ሞክሪው፣ ያልገባቸውን ጥያቄ አስተካክዪ። ከዚያ 14ቱንም አስገቢና የመጀመሪያውን ወር በአሮጌውም በአዲሱም መንገድ ጎን ለጎን ሥሪ። ቁጥሮቹ የተለያዩበት ቦታ ላይ አዲሱ ተሳስቷል ብለሽ አትነሺ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥተሽ እዪ። ያለፉትን ዓመታት ፋይሎች ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ጊዜ አታጥፊ። የሰኔ 30ን ቀሪ ብቻ ለእያንዳንዱ ማኅበር እንደ መነሻ አስገቢ፣ የቀረው ባለበት ይቀመጥ።